በጎን የተጋደመ ካርታ

አራት ነበርን። እኔ ጀርባዬን ለሐይቁ ሰጥቼ በረንዳው ጫፍ ላይ ተቀምጫለሁ። ፊት ለፊቴ የጨዋታ ጓዴ ጡረተኛው መምህር ደሴ ናቸው። በቀኜ የሟች ታናሽ እህቴ ባል ጌታሁን፣ በግራዬ፣ በእህቴ ወንበር ላይ፣ አዲሷ ሚስቱ ሰናይት። ጊዜው አምና፣ ከፋሲካ በኋላ በአንዱ እሑድ ከሰዓት ነው። ከዚያ ወዲህ ካርታ አልነካሁም። ምክንያቱን የሚጠይቁኝ ስላሉ ነው የምጽፈው።

እህቴ ከሞተች ዓመት ከመንፈቅ ሆኗት ነበር። ጌታሁን ማግባቱን አልተቃወምሁም፤ ብቻ መኖር ከባድ ነው። ነገር ግን "እትዬ፣ ሰናይት ካርታ አታውቅም፤ እርስዎ ያስተምሩልኝ" ሲለኝ ሁለት ሳምንት አመነታሁ። ያ ወንበር ሃያ ዓመት የእህቴ ነበር። በመጨረሻ ቤታቸው ሄድሁ። ከሄድሁ አይቀር ደግሞ በደንብ ላስተምራት አልሁ።

ፊት ለፊት የሚቀመጡት ሁለት ሰዎች አንድ ወገን ናቸው። ለእያንዳንዱ ዐሥራ ሦስት ካርታ ይታደላል። አንዱ ልብ ከጣለ ሌላውም ልብ ይጥላል፤ ልብ የሌለው ብቻ ሌላ ይጥላል። ጦር የሚባለው ዓይነት ግን ሁሉንም ይመታል። በዙሩ ትልቁን የጣለ አራቱን ካርታ ይሰበስባል፤ ብዙ ዙር የሰበሰበ ወገን ያሸንፋል። ለጓድ መጠቆም ክልክል ነው።

"ልብ እያላት ጦር ከጣለች ጥግ ላይ ትንበረከካለች" አሉ መምህር ደሴ።

"ጉልበቴን ያመኛል፣ ጋሼ። እያየሁ እጥላለሁ" አለች ሰናይት እየሳቀች። ሳቋ ደስ ይላል። ልጠላት አልቻልሁም።

ነፋሱ እንዳይወስደው በሰበሰብነው ካርታ ላይ ጠጠር እየጫንን ሁለት ጨዋታ ጨረስን። ሁለቱንም እነሱ አሸነፉ። "እኔ አርባ ዓመት አስተምሬ እንዲህ ያለ ተማሪ አልገጠመኝም" አሉኝ መምህር ደሴ።

በሦስተኛው ጨዋታ ሰናይት ልብ ዘጠኝ ጣለች። ከዚያ በጣቷ ገፋ አድርጋ ካርታውን በጎን አጋደመችው።

ይህን እኔ አላስተማርኋትም። እህቴና ጌታሁን ለሁለታቸው የፈጠሩት ማጭበርበሪያ ነው። ካርታው በጎን ከተጋደመ "ይህን ዓይነት ጨርሻለሁ" ማለት ነው። እኛ የባልና ሚስት ነገር ነው ብለን እያየን እናልፋቸው ነበር።

"ይህን ማን አሳየሽ?" አልኋት።

"እሳቸው ናቸዋ" አለች ወደ ጌታሁን እያየች። "ልጄ ፔዳ የገባ ዓመት፣ እሑድ እሑድ እኔ ቤት እየመጡ ያጫውቱኝ ነበር። የረሳሁት መስሏቸው ነው እርስዎን ያስቸገሩት።"

ልጇ ዩኒቨርሲቲ ከገባ ያን ጊዜ ሦስተኛ ዓመቱን ሊጨርስ ነበር። እሱ የገባ ዓመት እህቴ ታማ አልጋ ላይ ነበረች። እሑድ እሑድ አጠገቧ የምቀመጠው እኔ ነበርሁ። ጌታሁን ማኅበር አለብኝ ብሎ ይወጣል። "ለእኔ ሊጸልይ እኮ ነው፤ አትቀየሚው" ትለኝ ነበር። እሷ ሳትድን ካርታ እንደማይነካም ምሎላት ነበር።

መምህር ደሴን አየሁ። ዓይናቸውን ከጠረጴዛው አላነሡም። እሳቸውም ያውቁ እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

"እትዬ፣ ተራው የእርስዎ ነው" አለ ጌታሁን።

በእጄ የያዝሁትን ካርታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁ። ነጠላዬን ለበስሁና ወጣሁ።