ሦስቱ የዓብዱረህማን ሽማግሌዎች

ሲሀም ከሰሜን ሸዋዋ ዓለም ከተማ ተነስታ ዓረብ ኤምሬቶች ሻርጃ ሄዳ በሰው ቤት ምግብ አብሳይ ከሆነች አራት ዓመቷ ነው። አንድ ዓርብ ከሰዓት የግቢው በር ተንኳኳ። ከፍታ ብታይ የሰፈሩ ፓኪስታናዊ ልብስ ሰፊ፣ ባንግላዴሻዊው የቧንቧ ሠራተኛና ግብፃዊው እንቁላል ሻጭ የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሰው ተሰልፈዋል።

የቧንቧ ሠራተኛው ጉሮሮውን ጠርጎ በአማርኛ፣ «ለልጃችን ምስር ፈልገን መጣን» አለ።

ሲሀም ግራ እየገባት ጓዳ ገባችና አንድ ኩባያ ምስር ይዛ ወጣች። ልብስ ሰፊው አመስግኖ ተቀበላት።

«ሚስት በል እንጂ! ሚስት!» የሚል ጩኸት ከቆመ መኪና ጀርባ ተሰማ። የጎረቤት ሾፌር የሆነው፣ የአገሯ የራቤል ከተማ ልጅ ዓብዱረህማን ላብ አጥምቆት ብቅ አለ። «የአገር ሽማግሌ ከየት ላምጣ? ሳምንት ሙሉ አስጠናኋቸው እኮ!»

ሲሀም ሳቅ አላስቆም ብሏት ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። ዓመት ሙሉ በጉጉት ብትጠብቀውም ከሰላምታ በቀር ቃል ያልተነፈሰ ሰው! «የሚጠየቀው አባቴ ነው» ብላ ደወለች።

አባቷ ነገሩን ሲሰሙ፣ «ሽማግሌዎቹ የማን ወገን ናቸው?» አሉ። ግብፃዊው ስልኩን ተቀብሎ በዓረብኛ ረጅም ዱዓ አደረገ። አባቷ አንድም ቃል ሳይገባቸው «አሚን፣ አሚን» ሲሉ ቆዩና፣ «ጨዋ ሰዎች ናቸው። አንቺስ ትፈልጊዋለሽ?» አሏት።

«እፈልገዋለሁ፣ አባባ» አለች። ዓብዱረህማን በደስታ ዘሎ እንቁላል ሻጩን አቀፈው።