የእማማ ሉባባ በርበሬ

ጠዋት ሽኩር ደውሎ ከድር ሞተ ሲለኝ መጀመሪያ ከአፌ የወጣው "የትኛው ከድር?" የሚል ነው። ቡታጅራ ውስጥ ከድር የሚባል ሰው ሞልቷል። ሽኩር ማልቀስ ጀመረ። የኛ ከድር መሆኑን ያወቅኩት ያኔ ነው።

ሦስት ቀን አሞት ነበር አሉ። ይሻለኛል፣ ሰው አታስጨንቁ ብሎ ማንም እንዳይሰማ አደረገ። እኔ ግን አሁንም አላመንኩም። ስልኬን አስር ጊዜ አያለሁ፣ የሚደውል ይመስለኛል።

ከአስር ሶላት በኋላ ቀበርነው። ይህን የምጽፈው ከነከድር ግቢ፣ ድንኳኑ ጥግ ተቀምጬ ነው።

ከድርን ለማታውቁት ልንገራችሁ።

አስራ ሁለተኛ ክፍል እንደጨረስን አራት ጓደኛሞች፣ ከድር፣ ሽኩር፣ ሀብታሙና እኔ፣ አዲስ አበባን ልናይ ተነሳን። ያለን ሁለት ቀን ነው። ሽኩር ባቡሩን መሳፈር አምሮታል። ሀብታሙ ድንቅነሽን ሳላይ አልመለስም ብሏል። እኔ አውሮፕላን ሲያርፍ በቅርብ ማየት ነበር የምፈልገው። ከድር የሚፈልገውን አልነገረንም። ጠዋት መናኸሪያ ሲመጣ ግን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ዕቃ ተሸክሟል።

የሰፈር ሰው አደራ ነው። ለአንዱ ልጅ ዛላ በርበሬ፣ ለአንዷ እህት ቅቤ፣ ከእንሴኖ ሳይቀር የተላከ ቆጮ አለበት። ስድስት ቤት የሚደርስ። ከድር እንደሆነ እምቢ ማለት አልፈጠረበትም። ምን ጉድ ነው ብለን ስንጮህበት "መንገዳችን ነው" አለን።

አንዱም መንገዳችን አልነበረም። ከኮልፌ ሳሪስ፣ ከሳሪስ የካ፣ ከየካ ደግሞ ዞረን አየር ጤና። በርበሬው የታክሲውን ሰው ሁሉ ሲያስነጥሰው ረዳቱ ሊያወርደን ምንም አልቀረው፤ ከድር ግን ልጁ ከስልጤ መሆኑን ጠይቆ አወቀና፣ ሳንወርድ ዘመዳሞች ሆኑ። በየሄድንበት ካልበላችሁ አትወጡም እንባላለን። ሙዚየሙ በር ላይ ስንደርስ ተዘግቷል። ሀብታሙ አኩርፎ ግማሽ ቀን ከኋላችን ብቻውን ሄደ። ሽኩር ባቡሩን አገኘው፣ ለሁለት ፌርማታ፣ ማዳበሪያውን አቅፎ ቆሞ።

በሁለተኛው ቀን እኔም ፈነዳሁ። ከተማ ልናይ እንጂ ዕቃ ልናድል አልመጣንም አልኩት። አልተቆጣኝም። አንዲት ቤት ብቻ ቀርታናለች፣ እማማ ሉባባ ጋ፣ እሷም መንገዳችን ነች አለኝ።

ቦሌ ሚካኤል አንድ የቆርቆሮ አጥር ያለው ግቢ ገባን። እማማ ሉባባ ድሮ ከመስቃን የመጡ፣ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጅ የሌላቸው ሴት ናቸው። በርበሬውን ተቀብለው ማሽተት እንደጀመሩ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። ቀና ስል የአውሮፕላን ሆድ በላያችን እያለፈ ነው፤ ጎማው ሳይቀር ይታያል። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ትንሽ ቆይቶ ሌላው መጣ። ከድር አውሮፕላኑን አላየም፣ የኔን ፊት ነበር የሚያየው።

"መንገዳችን ነው አላልኩህም?" አለኝ።

ያቺን ቤት መጨረሻ ያደረጋት ለኔ ብሎ ነው።

እማማ ሉባባ የማን ልጅ እንደሆንኩ ጠየቁኝ። አባቴ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አስተማሪ ነው፣ ይህ ጥያቄ ቡታጅራም ሲያስቸግረኝ ነው ያደግኩት። ከድር ቀደመኝና "የኛ ልጅ ነው" አላቸው። ከአምስት ዓመት በኋላ ሥራ አግኝቼ አዲስ አበባ ስገባ አንድም ዘመድ አልነበረኝም። እማማ ሉባባ አራት ወር ሙሉ ቤታቸው አኖሩኝ። የኛ ልጅ ነው ተብለው የለ።

አሁን የሚከብደኝን ልናገር። ከሦስት ሳምንት በፊት ከድር ለእማማ ሉባባ ብሎ በርበሬ በሚኒባስ ላከልኝ። እኔ ጀሞ ነው የምኖረው፣ እሳቸውን ካየሁ ወራት አልፎኛል። አደረስክላቸው ወይ፣ መንገድህ ነው'ኮ ብሎ በድምፅ መልእክት ጠየቀኝ። "መንገዴ አይደለም ከድርዬ፣ ሥራ በዝቶብኛል" ብዬ ጻፍኩለት። የሳቅ ምልክት ላከልኝ። ከዚያ ወዲህ አላወራንም። በርበሬው አሁንም ከቤቴ በር ጀርባ ነው ያለው፤ ስገባ ስወጣ ይሸተኛል።

ዛሬ ከቀብር ስንመለስ እናቱ እትዬ ዘይነባ እጄን ያዙኝ። በዚህ ሁሉ ሐዘን መሀል የጠየቁኝ፣ በርበሬው ሉባባ ጋ ደርሶ እንደሆነ ነው። ደርሷል ልላቸው ነበር። አቃተኝ። እኔ ጋ ነው፣ አላደረስኩም አልኳቸው።

እጄን አልለቀቁም። "በል እንግዲያ፣ የከድርንም ነገር አንተው ንገራት" አሉኝ። "በስልክ እንዳትሰማ። መንገድህ ከሆነ።"

ምንም አልመለስኩላቸውም።

ነገ ከሽኩርና ከሀብታሙ ጋር አዲስ አበባ እንመለሳለን። ከነገ ወዲያ ጎህ ሲቀድ፣ ሦስታችንም በርበሬውን ይዘን እማማ ሉባባ ጋ ሄደን መርዶውን አጠገባቸው ተቀምጠን እንነግራቸዋለን። የቦሌ ሚካኤል ልጆች፣ ይህን ካነበባችሁ እባካችሁ ከኛ በፊት እንዳትነግሯቸው። ግፊት አለባቸው።

ከድርዬ፣ ሙዚየሙን እስካሁን አላየሁትም። አዲስ አበባ ውስጥ የኔ የምለው አንተ ያንኳኳህልኝን በር ነው። አንድ በር ብቻ ለምነኸኝ ነበር፣ እሱንም አዘገየሁብህ። ይቅር በለኝ ወንድሜ። አላህ መኖሪያህን ያስፋልህ፣ እንደ አንተ ያለ ሰው በር ላይ ይቀበልህ።

ለእናትህ ያልመለስኩትን ላንተ ልመልስ።

መንገዴ ነው።