እናቴ የውሃውን ሞተር ያስነሳች ዕለት

መርሳ ባለው የእናቴ ግቢ አባቴ በሕይወት ሳለ ያስቆፈረው የውሃ ጉድጓድ አለ። ልጆች ሳለን በገመድና በባልዲ ነበር የምንቀዳው። አባቴ ከሞተ በኋላ፣ እኔም ወልድያ በነርስነት ከተቀጠርኩ ወዲህ፣ ባልዲ መጎተቱ የእናቴን ወገብ እየጎዳው ሲመጣ አይቼ ጉድጓዱ ውስጥ የሚገባ ፓምፕ አስገጠምኩላት። ከጉድጓዱ አጠገብ ደግሞ ፕሬዠር ታንክ የሚሉት ሆደ ሰፊ ቀይ የብረት በርሜል ተተከለ። ሞተር የምንለው ይህ ፓምፕ ውሃውን ወደዚያ ይሰዳል፤ ታንኩ ውስጥ የታመቀው አየር ደግሞ ውሃውን እየገፋ ወደ ቧንቧው ይልከዋል።

ባለሙያው ሲገጥም እናቴ ዱካ ስባ አጠገቡ ተቀመጠች። ይሄ ምንድን ነው፣ ያኛውስ ለምንድን ነው እያለች ስትጠይቀው ሰውየው ፈገግ አለና፣

“እማማ፣ ይህን ማወቁ ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?” አላት።

“ቤቱ የኔ ነው። አንተ ሥራህን ጨርሰህ ትሄዳለህ፤ አብሬው የምኖረው እኔ ነኝ” አለችው።

ከዚያ በኋላ የጠየቀችውን ሁሉ ሳይሰለች አስረዳት።

ሞተሩ ለጥቂት ዓመታት ያለ እንከን ሠራ። የከተማው ውሃ ሲጠፋ የሰፈሩ ሰው ጀሪካኑን ይዞ የሚመጣው እኛ ቤት ነው። እናቴ በሯን ዘግታ አታውቅም። ታዲያ አንድ ረመዳን ላይ ደወለችልኝ።

“ይሄ ሞተር ምን እንደነካው እንጃ” አለች። “ቧንቧ በተከፈተ ቁጥር ቀጭ ብሎ ይነሳል፣ ወዲያው ቀጭ ብሎ ይጠፋል፣ ደግሞ ይነሳል። ውሃውም አንዴ ይገፋል፣ አንዴ ይሰንፋል።”

ተረኛ ስለነበርኩ ቅዳሜ እመጣለሁ አልኳት። ከመድረሴ በፊት ሞተሩ ጭራሽ ቆመ።

ቅዳሜ ከሰዓት ስደርስ ግቢው በር ላይ ሴቶች ባዶ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቃሉ። የከተማው ውሃም ጠፍቷል፤ ማፍጠሪያ ሰዓትም እየተቃረበ ነው። ጎረቤታችን ሐጂ ከዘራቸውን ተደግፈው ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመዋል።

“ጉድጓዱ ነጥፏል መሰለኝ” አሉ። “ዘንድሮ ዝናቡ ቀድሞ ነው የተወን።”

አንዲት ጎረቤት ደግሞ ሞተሩ ተቃጥሏል፣ አውጥቶ ወልድያ መውሰድ ነው አለች። እናቴ ግን የድሮውን የባልዲ ገመድ ከጓዳ አወጣች፤ ጫፉ ላይ ድንጋይ አስራ ወደ ጉድጓዱ ለቀቀችው፤ መሬት ሲነካ ጎትታ አወጣችውና ለሐጂ አሳየቻቸው።

“ይዩት እስቲ። ይሄ ሁሉ ርሷል። ውሃው አለ።”

“አልሐምዱሊላህ” አሉ ሐጂ። “እንግዲያ ሞተሩ ነዋ።”

“እሱንም እናየዋለን።”

ሞተሩን የሚያበራና የሚያጠፋው፣ ቧንቧው ላይ የተገጠመ ትንሽ ጥቁር ሳጥን ነው። ካቻቢቴ ይዛ ወደ እሱ ስትሄድ ፈራሁ።

“እማ፣ መብራት እኮ ነው። ባለሙያው ይምጣ።”

“ደውዬለታለሁ። ኮምቦልቻ ነው ያለሁት፣ ከበዓሉ በኋላ ነው የምመጣው አለኝ። አንቺ ማጥፊያውን አጥፊና እዚያው ቁሚ፤ ማንም እንዳይነካው።”

አጠፋሁት። እሷም በቴስተር ነካ ነካ አድርጋ መብራት እንደሌለው ካረጋገጠች በኋላ ክዳኑን ፈታች። ውስጥ ያሉት መብራቱን የሚያገናኙ የመዳብ ጥርሶች ጥላሸት መስለዋል፤ በመካከላቸው የተጠበሱ ጥቃቅን ጉንዳኖች ተጣብቀዋል። ጉንዳኖቹን በጨርቅ ጠረገች፤ ጥርሶቹን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያብረቀርቁ ፈተገቻቸው። ክዳኑን መልሳ “ቢስሚላህ በይና አብሪው” አለችኝ።

ሞተሩ ተነሳ። በር ላይ የነበሩት ሴቶች ጀሪካናቸውን አንስተው ገቡ። ቧንቧው ሲከፈት ግን ያው ነው፤ ቀጭ ብሎ ይነሳል፣ ቀጭ ብሎ ይጠፋል።

እኔ በልቤ ተስፋ ቆርጬ ነበር። እናቴ ሞተሩን ታዳምጣለች።

“ጥርሶቹ የተቃጠሉት በዚህ ነው” አለች። “ሲነሳ ሲጠፋ ነው ያነደዳቸው። ግን ለምን አላርፍ አለ?”

ወደ ቀዩ ታንክ ሄደችና በጣቷ አንጓ ከታች ጀምራ ወደ ላይ እያንኳኳች ወጣች። እኔም ጠጋ ብዬ ሰማሁ። ከታችም፣ ከመሃልም፣ ከአናቱም ድምፁ አንድ ነው፤ የታፈነና ደንዛዛ።

“ሲገጠም ላዩ እንደ ባዶ በርሜል ነበር የሚጮኸው” አለች።

የሕመምተኛ ሆድና ደረት ማንኳኳት ሥራዬ ነው። አየር ያለበትና ፈሳሽ የሞላበት ቦታ ድምፁ እንደሚለያይ አውቃለሁ። ተያየን።

“እማ፣ አየሩ አልቆ ውሃ ብቻ ሞልቶታል።”

“አዎ። የሚገፋው ነገር የለም። ለዚህ ነው ሞተሩ ብቻውን የሚለፋው።”

ታንኩ አናት ላይ በመኪና ጎማ ላይ ያለውን የመሰለ የአየር ማስገቢያ ቫልቭ አለ። ባለሙያው ሲገጥም፣ ታንኩ ውስጥ አየሩን ከውሃው የሚለይ ከመነዳሪ የመሰለ ጎማ እንዳለ፣ ከቫልቩ ውሃ ከወጣ ግን ያ ጎማ ተቀዷል ማለት እንደሆነ ነግሯታል። እናቴ ቫልቩን በጥፍሯ ተጫነችው። ደካማ ትንፋሽ እስ ብሎ ወጣ፣ አበቃ። ጣቷን አገላብጣ አየችው፤ ከዚያ ለእኔ ዘረጋችልኝ።

“ደረቅ ነው” አለች። የዚያን ጊዜ ነው ፊቷ የበራው።

ከዚያ በኋላ ያለው ጉልበት ብቻ ነበር። ሞተሩን አጥፍተን የታንኩን ውሃ ጠብ እስከማይል ወደ ሰፈሩ ጀሪካኖች አፈሰስነው። ባጃጅ የሚነዳው ጎረቤታችን የእግር መንፊያውንና የጎማ አየር መለኪያውን አመጣ። እሱና እኔ እየተፈራረቅን ነፋን። ፆም ላይ ስለነበርን ቶሎ ቶሎ እንደክም ነበር። እናቴ መለኪያው ላይ ጎንበስ ብላ ትቆጣጠረናለች።

“በቃ፣ በቃ። የአየሩ ግፊት ሞተሩ ከሚነሳበት ግፊት ትንሽ ዝቅ ማለት አለበት። ከበዛ ውሃው መግቢያ ያጣል።”

አበራሁት። ሞተሩ ተነሳ፤ አሁን ግን ሳያቋርጥ ረዘም ላለ ጊዜ አጉረመረመ፣ ከዚያ ቀጭ አለና ጸጥ አለ። ቧንቧውን ስትከፍተው ውሃው እንደ ጅራፍ ወጣ። አንድ ጀሪካን ሞላ፣ ሌላው ተተካ፤ ሞተሩ ገና እንደተኛ ነው።

ሐጂ ከዘራቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። “እኔ ጉድጓዱን ቀብሬው ነበር” አሉ። “አላህ እጅሽን ይባርከው።”

“አሚን። እርስዎም ይቅዱ፣ አዛን ሊል ነው” አለቻቸው። እኔ ግን እዚያው ቆሜ፣ ቀሚሷ ታጥፎ፣ ክንዷ ጥላሸት ነክቶት ቧንቧው ዘንድ ተራ ስታስይዝ አየኋት። ደረቴን የሞላውን ኩራት ለማን እንደምናገረው አላውቅም ነበር፤ ግቢው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ የኔ እናት መሆኗን ያውቃል።

ወሬው ከመርሳ ወጣ። ባለፈው ጊዜ ግራና ከተማ የሚኖር ዘመዳችን የውሃ ሞተሩ አልጠፋ ብሎት ሰው ላከባት። መንፊያ ገዝታ ኖሮ እሱን በፌስታል ጠቅልላ በባጃጅ ሄደች። ማታ ወደ ወልድያ ደወለችልኝ።

“የነሱ እንደኛው አይደለም” አለችኝ። “ታንኩ ደህና ነው። አጥሩ ሥር መሬቱ ረጥቦ አየሁ፣ አስቆፈርኩት፤ ቱቦው ተሰንጥቋል። ውሃው እዚያ እየፈሰሰ ሞተሩ በምን ይረፍ?”

ቱቦው እንዴት እንደተቆረጠ፣ በምን እንደተቀጠለ፣ ማን ምን እንዳለ አንድም ሳታስቀር አወራችልኝ። እራቴ ቀዘቀዘ፤ እኔም አላቋረጥኳትም።