ጋኔን የበላው ባለቅኔ

ዛሬ ንፋስ መውጫ ገበያ መሃል አንድ የቅኔ መምህር መቋሚያቸውን ደረቴ ላይ ደገኑብኝ።

ትናንት እዚህ የለጠፍሁትን አስፈሪ ልብወለድ አንብበውት ኖሯል። (የኔታም ፌስቡክ ይከፍታሉ፤ ተጠንቀቁ።)

«አንተ፣ የጥንቱን ባለቅኔ በጋኔን ታስበላለህ? አሁኑኑ አጥፋው።»

«አላጠፋም፣ የኔታ።»

«ደግሞ ቀድሞ የተቀኘውን ቅኔ ለጋኔኑ አስደገምኸው። ባለቅኔ በየቀኑ አዲስ ይቀኛል እንጂ አንዱን ቅኔ ሁለቴ ይላል?»

ይህን ደንብ የሰማሁት ገና ያን ጊዜ ነው። ዳዊት ሳልጀምር ነው ከቄስ ትምህርት ቤት የሸሸሁት።

«ታዲያ ለዚህ አይደል የተበላው?» አልኋቸው።

የኔታ ሳቃቸውን በጋቢያቸው ሸፍነው መቋሚያውን አወረዱ። ታሪኩ እንደተለጠፈ አለ፤ ጋኔኑም እንደጠገበ።

እናንተስ አጥፉ ተብላችሁ እንቢ ያላችሁበት ጽሑፍ አለ? እስቲ አምጡት።