ከቁስቋም በታች የነበረው የአረጋውያን ቤት

ከቁስቋም ማርያም ዝቅ ብሎ በነበረው የአረጋውያን መጠለያ አስታማሚ ሆኜ ስገባ፣ ቤቱን የሚያኖረው ሰፈሩ ነበር። ባለሱቁ ሐጂ ሩዝና ዘይት ይልካሉ፤ ተዝካር ያወጣ ሰው ከድግሱ ያካፍለናል፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሴቶች መጥተው አንሶላ ያጥቡልናል።

በኋላ አንድ የውጭ ድርጅት ሊረዳን መጣ። ፍራሹ ተቀየረ፣ ነርስ ተቀጠረች። ሰፈሩም ቀስ በቀስ እጁን ሰበሰበ። «እናንተማ ፈረንጅ ይዛችኋል» ይሉናል፣ ቅር ሳይላቸው። እኛም ብዙ አልጎተጎትናቸውም።

ድርጅቱ እርዳታውን ሲያቆም ወደ ሰፈሩ ተመለስን፤ ሰፈሩ ግን የድሮው አልነበረም። ግማሹ ሰው ቤቱ ፈርሶበት ኮንዶሚኒየም ገብቷል፣ የቀረውን ኑሮ አጉብጦታል። ሐጂን ሱቃቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው።

«ልጄ፣ ያኔ የምሰጠው ከትርፌ ነበር። አሁን ትርፍ የሚባል የለም» አሉኝ። የሰጡኝን ሳሙና ይዤ ወጣሁ።

የሚመጡልን ልደታቸውን ከአረጋውያን ጋር የሚያከብሩ ወጣቶች ብቻ ሆኑ። ኬክ ይቆርሳሉ፣ ፎቶ ይነሳሉ፣ ይሄዳሉ። ከአረጋውያኑ ብዙዎቹ ስኳር ስላለባቸው ኬኩን የምንበላው እኛ ሠራተኞቹ ነበርን።

በመጨረሻ ቤቱ እንዲዘጋ ተወሰነ። ዘመድ ያለው ወደ ዘመዱ ይሂድ ተባለ። ዘመዳቸው ጋ እንዳደርሳቸው ለእኔ የተሰጡኝ ድሮ ቀጨኔ ሸማኔ የነበሩ፣ አሁን ከአልጋ የማይነሱ ሽማግሌ ነበሩ። ዊንጌት አካባቢ የእህታቸው ልጅ አለች። በላዳ ይዣቸው ሄድኩ። በሩን ራሷ ከፈተችና መኪናው ውስጥ አየቻቸው።

«እህቴ፣ ቤቱ ጠባብ ነው፤ ልጆችም አሉኝ። የት ላስተኛቸው?»

«እኔም አላውቅም» አልኳት።

ሽማግሌው ከኋላ ወንበር ሆነው፣ «ልጄ፣ ብዙ ቦታ አልይዝብሽም» አሏት።

ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና አለቀሰች። ከዚያ እሷ እግራቸውን፣ እኔ ብብታቸውን ይዘን አስገባናቸው።

ክረምቱ እንደገባ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ጓዳ ውስጥ፣ ከከሰል ማዳበሪያው አጠገብ ተኝተዋል። ልብሳቸው ንጹሕ ነው፤ ጀርባቸው ግን ቆስሏል። እሷ ጠዋት ለሥራ ወጥታ ማታ ስለምትመለስ ቀን የሚያገላብጣቸው ሰው የለም። ቁስሉን አጠብኩላቸው።

«ቤቱ ተከፈተ እንዴ?» አሉኝ።

«ገና ነው፣ አባባ።»

«ሰው ይሰጣል። ትንሽ ጠብቁ።»

ለመስቀል ጥቂት ቀን ሲቀረው አረፉ። የእሷ እድር ድንኳን ተከለ፤ ለቀስተኛው ግቢውን ሞላው። ከየቤቱ የመጣው እንጀራና ወጥ ተርፎ፣ ማስቀመጫ አጥታ ለጎረቤት ስታድል አየኋት።