ጃዝን ያንበረከክኩበት ቀን

የዚያን ቀን ኦክላንድ በተከራየነው አዳራሽ የነበርነው እኔ፣ ጓደኛዬ ፅጌ፣ እናቷ እትዬ አበበች፣ አጎቷ ጋሽ ታዬ፣ የሙዚቃ አስተማሪያችን ጋሽ በላይ፣ ወላጆቼና ሌሎች የሰፈሩ ሀበሾች ነበርን። ምንጣፉ እርጥብ እርጥብ ይሸት ነበር። እኔና ፅጌ አሥራ አንድ ዓመታችን ነበር።

ጋሽ በላይ በንጉሡ ጊዜ ለትምህርት አሜሪካ መጥተው የቀሩ ሰው ናቸው። ድሮ ጃዝ ኦፔራ ውስጥ ሲገባ የክላሲክ ሰዎች እንዴት እንደተቆጡ የሚያሳይ አጭር ኦፔራ ጻፉልን። እኔ ንግሥቲቱ ክላሲክ ሆንኩ፤ ፅጌ ጃዝ። መጨረሻ ላይ ጃዝ ተንበርክካ ይቅርታ ትጠይቃለች። “እንደ ኖታው ብቻ!” ይሉን ነበር። እኛ ግን እቤታችን ሳሎን ውስጥ የፅጌን ዜማ እየቆራረጥንና እየጎተትን እንደ ልባችን አደረግነው። ሐሳቡ የኔ ነበር። ፅጌማ ፈርታ ነበር፤ እናቷ “አንድ ቀን ካሳፈርሽኝ መዝፈን የሚባል ነገር አበቃ” ብለዋታል።

ተራዋ ሲደርስ ያንኑ ዘፈነችው። አዳራሹ በእልልታ ተናጋ። ጋሽ ታዬ ሠርግ ቤት ያሉ መስሏቸው መድረኩ ላይ ወጡና በላብ በራሰ ግንባሯ ላይ አንድ ዶላር ለጠፉላት።

ጋሽ በላይ የፒያኖውን ክዳን ድው አድርገው ዘጉት። “አዝማሪ ቤት አደረጋችሁት እኮ! ማነው ይሄን ያስተማራት?” ብለው ወደ እኔ ዞሩ። “ልምምዳችሁ እንዲህ ነበር?”

እትዬ አበበች አዩኝ። ፅጌም አየችኝ።

“አይደለም ጋሼ። ከራሷ ነው ያመጣችው።”

“በይ ቀጥይ” አሉኝ። የቀረኝ “ተንበርከኪ!” የሚለው ብቻ ነበር። ጮክ ብዬ፣ አሳምሬ ዘፈንኩት። ፅጌ ዶላሩ ግንባሯ ላይ እንዳለ ተንበረከከች። ሰው ሳቀ። እናቷ “ስድ! ለዚህ ነው ያሳደግኩሽ?” እያሉ ጆሮዋን ይዘው ጎትተው አወጧት። ለኔ ተጨበጨበልኝ፤ አባቴም “አንበሳ!” አለኝ። ደስ አለኝ። ፅጌ ከዚያ ወዲያ አልመጣችም፤ ቤታቸውን ለቀው ሳን ሆዜ ገቡ ተባለ።

ዛሬ ልጄ ካስትሮ ቫሊ ትምህርት ቤቷ ውስጥ ኦፔራውንም ጃዙንም በአንድ መድረክ ትዘፍናለች፤ አስተማሪዋ ለሁለቱም ያጨበጭብላታል። ገና ሳትጀምር “ኖታውን እንዳትለቂ” እላታለሁ። “ማሚ፣ ሪላክስ፣ ኢትስ ጀስት ሚውዚክ” ትለኛለች። የኛን ፍርሃት አታውቀውም፤ እንኳንም አላወቀችው።

ፅጌ ያለችበትን የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ደህና መሆኗን፣ ልጆች እንዳሏትም፣ ትዘፍን እንደሆነም።