ውሻ ያላስገባነው ቤት

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ በደርግ ዘመን ሰው ጎረቤቱን በጎሪጥ በሚያይበት ወቅት፣ ቤታችንን ከሁሉ በላይ ያከራከረው ነገር ውሻ እናሳድግ አናሳድግ የሚለው ነበር። ዛሬ ለሰው ሳወራው ይስቃል። እኛ ግን በክርክሩ ውስጥ የሰው ነፍስ ስለነበረ አልሳቅንም።

ቤታችን ከየካ ሚካኤል በላይ፣ የእንጦጦ ባሕር ዛፍ ቁልቁል ወርዶ ከሰው አጥር ጋር በሚገናኝበት ጥግ ላይ ነበር። አመሻሹ ላይ ጅብ እስከ በራችን ይወርዳል። አባቴ አሰብ ወደብ ስለሚሠራ ቤቱን የያዙት እናቴና አባቷ ነበሩ፤ አያቴን አባባ እንላቸዋለን። ከእነሱ ሌላ እኔና ዳማ የምትባል ቀይ ድመታችን ነበርን። ሰፈሩ የሚያውቀው ይህን ያህል ነው። የማያውቀው ደግሞ የእናቴ ታናሽ ወንድም ጋሼ ዳኜ ከጓዳው ኮርኒስ በላይ ተደብቆ መኖሩን ነበር። የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ጓደኞቹ እየተለቀሙ ሲታሰሩ እሱ በጫካው በኩል ሾልኮ መጣ፤ አባባም ጣውላውን ፈልቅቀው ወደ ላይ አወጡት። የሳሎኑ ኮርኒስ አቡጀዲ ስለነበረ ሰው አይሸከምም፤ የጓዳው ግን ደህና ጣውላ ነበር። ከላይ ኮሽ ባለ ቁጥር «ድመቷ ናት፣ አይጥ እያባረረች ነው» እንድል ተምሬያለሁ። ድመት ባትኖረን ኖሮ ምን እንል እንደነበር እንጃ።

ያኔ ራት ተበልቶ ፍሙ አመድ ሳይለብስ አባባ ተረት ይነግሩኝ ነበር። ፋኖሱን ጋዝ እንዳይጨርስ ዝቅ ያደርጉታል፤ እርጥብ የባሕር ዛፍ እንጨት ጭሱ ዐይን ይለበልባል፤ የአባባ ፊት በፍሙ ብርሃን ግማሹ ይታያል ግማሹ አይታይም። ድምፃቸውን ለአንዲት ሕፃን ከሚበቃው በላይ ከፍ ያደርጉት ነበር፣ ምክንያቱም አድማጩ እኔ ብቻ አልነበርኩም። እሳቸው «ተረት ተረት» ሲሉ እኔ «የላም በረት» እላለሁ፤ ከላይም በሹክሹክታ ሌላ «የላም በረት» ይሰማል። አባባ ያን ሲሰሙ ወደ ኮርኒሱ ቀና ይላሉ። ልጃቸው ነበር።

አንድ ጠዋት ጓድ ሽፈራው መጣ። ከአብዮቱ በፊት የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ነበር፤ የመጀመሪያውን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሜን የሰፋልኝ እሱ ነው። ያኔ ግን የቀበሌው አብዮት ጥበቃ ሆኖ አንገቱ ላይ የሚያንጠለጥለውን ሜትር ትቶ ጠመንጃ ይዞ ነበር የሚዞረው። በሩ ላይ ቆሞ ቤቱን ቃኘና፣ «አባባ፣ ሴትና ሽማግሌ ብቻ ናችሁ፤ ቤታችሁ ደግሞ የጫካ ጥግ ነው። የኔ ውሻ ወልዳለች፣ አንድ ቡችላ ላምጣላችሁ» አለ። አባባ አመሰገኑት። እንደሄደ ግን በሩን ቀረቀሩት።

ያን ምሽት በእኛ ቤት ተረት ሳይሆን ሙግት ሆነ። እናቴ፣ «እምቢ ብንል ምን ይባላል? ጅብ በሩን እያንኳኳ ውሻ የማይፈልግ ቤት ምን ቢደብቅ ነው አይሉም?» አለች። ጋሼ ዳኜ ከላይ በጣውላው ስንጥቅ፣ «ይምጣ። ቢያንስ ሲመጡብኝ ይጮኽልኛል» አለ። እኔ የቡችላ ነገር አስጎምጅቶኝ፣ ከዳማ ጋር ቀስ በቀስ ይላመዳሉ ብዬ አፌን ከፈትኩ፤ ማንም አልሰማኝም። አባባ ፍሙን በእንጨት ሲነካኩ ቆዩና መልሱን በለመዱት መንገድ ሰጡ።

ድሮ ውሻና ድመት አንድ ጌታ ነበራቸው አሉ። አንበሳ ሊበላው ሲመጣ ጌትየው ጎተራ ውስጥ ገባ። አንበሳው ድመቷን «ጌታሽ የት ነው?» ቢላት ፊቷን እየታጠበች ዝም አለችው። ውሻውን ቢጠይቀው ታማኝ ነውና «አላየሁም» አለ፤ ነገር ግን ጎተራውን ባየ ቁጥር ጭራው በደስታ ይወዛወዛል። አንበሳው ጭራውን አየና ወደ ጎተራው ሄደ። «ውሻው ጠልቶት አይደለም፤ ወዶ ነው ያስበላው» ብለው ጨረሱ። ውሻ እንደማይገባ ያን ጊዜ ተወሰነ፤ እንዴት እምቢ እንደሚባል ግን ማንም አላወቀም።

ጓድ ሽፈራው መልስ አልጠበቀም። በማግስቱ ጀንበር ስታዘቀዝቅ ቡችላውን በካፖርቱ ጉያ ይዞ መጣና ወለሉ ላይ አስቀመጠው። ዳማ ጭኔ ላይ ተኝታ ነበር፤ ቡችላውን ስታይ ጸጉሯ ቆመ፣ ጥፍሯም በቀሚሴ አልፎ ሥጋዬ ውስጥ ገባ። እኔ እሷን ሳባብል ነው የጓዳው ኮርኒስ ላይ ጣውላው ሲጥ ያለው። ጋሼ ዳኜ ቡችላውን ለማየት ብሎ ወደ ስንጥቁ ተጠግቶ ኖሯል። ወራት ሙሉ ከእኛና ከአይጥ በቀር ሕያው ነገር ያላየ ሰው ምን ይፈረድበታል። ቡችላው ጆሮውን አቁሞ ወደ ጓዳው ሄደና ቀና ብሎ ጮኸ።

የተማርኩት መልስ አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ድመቷ ግን በሁሉም ፊት ጭኔ ላይ ናት። አባባ ሳል ሳል ብለው፣ «እናቷ ናት፤ የዚህች እናት። አርጅታ ከላይ አትወርድም» አሉ። በጣውላው መሐል ብናኝ አቧራ ወደ ታች ሲወርድ ሁላችንም አየነው፤ ጓድ ሽፈራውም አየ። ከዚያ ቡችላውን ከመሬት አነሳና፣ «ሁለት ድመት ካላችሁማ ከውሻ ጋር አይስማሙም። ለሌላ ሰው እሰጠዋለሁ። ደህና እደሩ» ብሎ ወጣ።

እናቴ በሩን ዘግታ ተመለሰች። «ካወቀ ለምን ዝም አለ?» አለች።

«ብቻውን ስለሆነ ነው» አሉ አባባ። «ሰዎቹን ሊጠራ ሄደ። ልጄን ከእጄ ላይ አይወስዱትም።»

አባባ በጉብዝናቸው የእንጦጦ ደን ጠባቂ ስለነበሩ ወደ ሱሉልታ የሚያሻግረውን የጫካ መንገድ ያውቁታል። መንገዱን ለጋሼ ዳኜ በጣታቸው አመድ ላይ ሥለው አሳዩት፤ ጋቢያቸውን አለበሱት። እኔን ግንባሬን ሳመኝ፤ ጢሙ አድጎ ይወጋ ነበር። ጎህ ሳይቀድ ሄደ።

ከዚያ በኋላ በሩ እስኪንኳኳ መጠበቅ ሆነ ሥራችን። ማንም አልመጣም። አባባ በየቀኑ ወደ ተራራው ሲያዩ ይውላሉ። አንድ ቀን በጠራራ ፀሐይ ጓድ ሽፈራው ብቻውን መጣ፤ ጠመንጃውን ትከሻው ላይ፣ ጆንያ ደግሞ በእጁ ይዞ። ጆንያውን ሲፈታው ጆሮዋ የተቀደደ አሮጊት ግራጫ ድመት ወጣች።

«አባባ፣ እናቲቱ ጠፍታባችሁ ሰፈር ስትዞር አገኘኋት» አለ፤ ማናችንንም ቀና ብሎ አላየም። «ቅዳሜ አሰሳ አለ። የሚመጡት ከሌላ ቦታ ነው፣ የዚህን ቤት ነገር አያውቁም። ሁለቱንም ድመቶች ከቤት አታውጡ። እኔ አብሬያቸው እሆናለሁ።»

እናቴ ጩኸቷን ለማፈን የነጠላዋን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨመረች። አባባ ድመቷን ታቅፈው የበሩ ደፍ ላይ ተቀመጡ። ሽፈራው አንዴ እናቴን፣ አንዴ ወደ ጓዳው አየና ገባው መሰለኝ። «መቼ ሄደ?» አለ በቀስታ።

ቅዳሜ አሳሾቹ መጡ። ኮርኒሱ ላይ ያወጣናት ግራጫዋ ድመት ስትራመድ አንደኛው መሣሪያውን ወደ ኮርኒሱ አነሳ። ሽፈራው፣ «ሁለት ድመት አላቸው፤ አውቃቸዋለሁ» አለው። ሰውየው መሣሪያውን አወረደና ወደ ጎረቤት አለፉ። ጋሼ ዳኜ በቦታው ቢሆን ኖሮ ሳያገኙት ከበታቹ አልፈው ይሄዱ ነበር።

ሱሉልታ አልደረሰም። ጅብ ይሁን ጥይት፣ የሚነግረን ሰው እስከ ዛሬ አላገኘንም። አባባ ከዚያ በኋላ ብዙ አልኖሩም፤ በኖሩባቸው ዓመታት ለግራጫዋ ድመት ከራሳቸው ገበታ ሳይቆርሱላት እህል አልቀመሱም። አልፈርድባቸውም። ያኔ የሚጠረጥር ሰው ነበር ልጁን የሚያተርፍ፤ እሳቸውም ልጃቸውን ሊያተርፉ ነበር የተጠራጠሩት። ይሁን እንጂ እኔም ዛሬ ሰው በጎ ነገር ይዞልኝ ሲመጣ፣ ከማመስገኔ በፊት ከኋላው ማን እንዳለ አያለሁ። አመሉ ከማን እንደመጣብኝ፣ ምን እንዳሳጣንም አውቃለሁ፤ ልተወው ግን አልቻልኩም።